ኮቪድ ሲጠና ደም ምን ይናገራል? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ስመረምር ኖሬአለሁ። ቤተሰብ የውጤት ወረቀት ይዞ በጭንቀት ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ስለ ኮቪድ የደም ምርመራዎች ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ኮቪድ ከያዛቸው ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ሲአርፒ 96 ወጣ። ያስፈራል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ በጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በሊትር አይበልጥም። ሲአርፒ በሰውነት ውስጥ ብግነት (ቁጣ) ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው። የሚሠራው ጉበት ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ኢንተርሊውኪን-6 የተባለውን መልእክተኛ ሲልኩበት ምርቱን ያበዛል። መልእክቱ ከሳንባ ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ መነሻው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ግን ቁጥሩ ለብቻው አይለይም። የደም ኦክስጅናቸው ስንት ነው? በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ ጥናት ቶሲሊዙማብ የተባለውን፣ የኢንተርሊውኪን-6ን መልእክት የሚያግድ መድኃኒት ሲሞክር የመረጠው ሲአርፒያቸው 75 የደረሰ፣ ደግሞም ኦክስጅናቸው ከ92 በመቶ የወረደ ወይም ኦክስጅን የተደረገላቸው ሕሙማንን ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ማለት ነው። እባክዎ ለክተው ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ሊምፎሳይት 0.6 ይላል። ኤችአይቪ ይሆን?

መልስ፦ ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። ሊምፎሳይት ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው፤ 0.6 ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። በኮቪድ ጊዜም ሊምፎሳይቶች ከደም ይቀንሳሉ፤ ከፊሉ ይሞታል፣ ከፊሉ ወደ ታመመው አካል ይሄዳል። ሐምራዊ ክዳን ያላትን ቱቦ ቀስ አድርጌ አገላብጬ ማሽኑ ውስጥ ሳስገባ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ቁጥር ነው። በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ለሐኪሙ እደውላለሁ፤ መልሶ ሲወጣ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሮ ኒውትሮፊላቸው (ሌላው የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ዝቅ ያለ ነው፤ በእስራኤል ባሉ ወገኖቻችንም ይህ የታወቀ ነው። ጉዳት የለውም። ስለዚህ የሕመሙን ክብደት ለመገመት የሚታየውን የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር በውጭ አገር መለኪያ ስናነብ መጠንቀቅ አለብን።

ጥያቄ፦ ዲ-ዳይመር ከፍ ካለ ደም ረግቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር የፕሮቲን ስብርባሪ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ፣ እርግዝናና ቀዶ ጥገናም ከፍ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ሳይጠና ቤት ውስጥ ዴክሳሜታሶን ብንጀምርስ?

መልስ፦ አደራ፣ አታድርጉት! ዴክሳሜታሶን የሰውነትን መከላከያ የሚያፍን ስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ሪከቨሪ በ2020 እ.ኤ.አ. በቀን 6 ሚሊግራም ሰጥቶ አይቷል። በመተንፈሻ ማሽን ከነበሩት መካከል ሞት ከ41 ወደ 29 በመቶ ወረደ፤ ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው መካከል ግን ጥቅም አልታየም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ ይራባል፤ የሚገታውም የራሳችን መከላከያ ነው። መከላከያውን ማፈን የሚጠቅመው የመከላከያው ቁጣ ራሱ ሳንባን መጉዳት ሲጀምር ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሌላ በሽታ አልነበረበትም፤ ኮቪድ ወሰደው። ለምን?

መልስ፦ ነፍሱን ይማር። የእርሱን ምክንያት ከዚህ ሆኜ ልናገር አልችልም። ነገር ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጽኑ ከታመሙ 987 ሰዎች መካከል 101ዱ የገዛ ራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል እንደነበራቸው አሳይቷል። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ኢንተርፌሮን የመጀመሪያው የማንቂያ ደወል ነው፤ እሱ ሲታፈን ቫይረሱ ቀድሞ ይስፋፋል። በተለመደው የደም ምርመራ አይታይም፤ እናንተ ልታውቁት የምትችሉት ነገር አልነበረም።

ጥያቄ፦ የሲአርፒውን የጠየቅኩት ነኝ። የአባቴን ኦክስጅን ለካሁ፤ 90 በመቶ ነው። ሲአርፒውን ነገ ደግመን እንይ?

መልስ፦ ነገን አይጠብቁ። አሁኑኑ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ወረቀቱንም ይያዙ።