የእጅ ሬዲዮ በጣና ላይ፤ የሚያስጠይቀው ዕቃው ነው ወይስ ድርጊቱ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ከተማ የምኖር የሁለት ሞተር ጀልባዎች ባለቤት ነኝ። እንግዶችንና ተሳላሚዎችን ወደ ዘጌ፣ አልፎ አልፎም ወደ ደቅና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ አመላልሳለሁ። ከከተማው እየራቅን ስንሄድ የስልክ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረን፣ እኅቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሦስት የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎችና አንድ የኔትወርክ ማጠናከሪያ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሬዲዮዎቹን ለጥቂት ቀናት ከሞከርናቸው በኋላ አንድ ወዳጄ «ይህ እኮ ያሳስራል» ስላለኝ ሁሉንም ቤት አስቀምጫቸዋለሁ፤ ማጠናከሪያው ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ቢላዋም መኪናም ሰው ይገድላሉ፤ ግን ማንም አልከለከላቸውም። ክፉ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል ተብሎ የእኔ ዕቃ የሚከለከለው በምን አግባብ ነው? ሸጬ ብገላገላቸውስ? እኅቴንስ የሚያስጠይቃት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጥያቄዎን ቅደም ተከተል ትቼ ከሽያጩ ልጀምር፤ ለመገላገል ብለው የሚያደርጉት ሽያጭ አሁን ካሉበት ችግር ወደ ባሰ ችግር የሚያስገባዎት ስለሆነ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በአንቀጽ 3 ሥር ሁለት የተለያዩ ቅጣቶችን ደንግጓል። አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ወደ አገር ውስጥ ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ያለ ፈቃድ የተጠቀመ ወይም የያዘ ሰው ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። እርስዎን ዛሬ የሚመለከትዎት ሁለተኛው ነው። ዕቃዎቹን ፎቶ አንስተው ለገበያ ያወጡ ዕለት ግን ገዢ ባይመጣ እንኳ ወደ መጀመሪያው ይሻገራሉ፤ በሕጉ መሠረት ለሽያጭ ማቅረብ ብቻውን በቂ ነውና። ለጓደኛ ማዋስም ሰውየውን አብሮ ተጠያቂ ከማድረግ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ሐይቁ ውስጥ ስለ መጣል አላነሡም፤ ያሰቡት እንደሆነ ግን እሱም ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ሌላ ጣጣ ሊያስከትል ስለሚችል ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ክርክርዎ ልመለስ። የቢላዋው ምሳሌ ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው፣ ግማሽ እውነትም አለው፤ ሆኖም በእጅዎ ያሉት ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ከቢላዋ ጋር ያላቸው ዝምድና የተለያየ ስለሆነ አንድ ላይ ሊዳኙ አይገባም ባይ ነኝ። ቢላዋ ጉዳት የሚያደርሰው የሚይዘው እጅ ሲከፋ ነው፤ ሽንኩርት ሲከትፉበት ጎረቤትዎን አይጎዳም። የኔትወርክ ማጠናከሪያ ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያው ከስልክዎ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ አጉልቶ ወደ ቴሌኮም ማማው ይልካል፤ ነገር ግን ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ተቀባይና ላኪ አንቴናዎቹ በቅጡ ካልተራራቁ ደግሞ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ያስተጋባል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሠርግ ድንኳን ማይክሮፎኑ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሲሆን የሚሰማውን ሲቃ ያስታውሱ፤ በሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። ጆሮ ስለማይሰማው ግን ባለቤቱ አያውቀውም። ማማው በዚያ ጫጫታ ሲታወክ በአካባቢው ያለ ሌላ ደዋይ ይቆረጥበታል፤ ያ ደዋይ አምቡላንስ የሚጠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጠናከሪያውን መቆጣጠር የሚያስፈልገው ክፉ ሰው ይጠቀምበታል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ቅን ሰው በቅንነት ሲጠቀምበትም ሌላውን ስለሚጎዳ ጭምር ነው። በሌሎች አገሮችም ኦፕሬተሩ ያላወቀውን ማጠናከሪያ መትከል የተከለከለ ወይም በጥብቅ ሁኔታ የተገደበ ነው። በዚህ ረገድ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ደንበኛዬ ቢሆኑም የምነግርዎት ይህንኑ ነው።

ሬዲዮዎቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እኅትዎ ያመጧቸው በአሜሪካ ለቤተሰብ መገናኛ ተብለው በየሱቁ የሚሸጡት ዓይነት ከሆኑ፣ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩና በዚያ አገር ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ናቸው። በአውሮፓ ለዚሁ አገልግሎት የተለየው ሞገድ 446 ሜጋኸርዝ ሲሆን ኃይሉም ከግማሽ ዋት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአሜሪካውን ሬዲዮ ይዞ አውሮፓ የገባ ሰው በዚያም ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ይህን የማነሣው የሬዲዮ ሞገድ በየአገሩ ተከፋፍሎ የሚታደል የጋራ ሀብት መሆኑን ለማሳየት ነው፤ በአንዱ አገር ለሕፃናት መጫወቻ የተተወ ሞገድ በሌላው አገር ለፖሊስ ወይም ለአምቡላንስ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በእኛም አገር ሞገድ የማደልና የመገናኛ መሣሪያዎችን የመፈተሽ ሥልጣን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ፈቃድ መጠየቁ በራሱ ነቀፋ የለበትም። እኔ የምነቅፈው ፈቃድ ያልያዘው ሰው የሚጠብቀውን ቅጣት ክብደትና የሕጉን ቃል ስፋት ነው።

አዋጁ የወጣው ለማን እንደነበር መግቢያው ይናገራል፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ከኢኮኖሚ ኪሳራ ባለፈ ለአገር ደኅንነት ሥጋት መሆኑን ይጠቅሳል። በዚያን ጊዜ ዋናው ችግር ሲም ቦክስ የሚባለው መሣሪያ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ የአገር ውስጥ ጥሪ በማስመሰል የዓለም አቀፉን ታሪፍ ገቢ የሚያስቀር ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ሲም ካርዶች የተሰኩበት ሲም ቦክስ በቤቱ የተገኘበት ሰው ለምን እንደያዘው ማስረዳት ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው ሲም ቦክስን ለመያዝ የዘረጋው መረብ ዓይኑ እጅግ የጠበበ ስለነበር ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ጠቅልሎ አወጣ። በአዋጁ ትርጓሜ መሠረት የቴሌኮም መሣሪያ ማለት ለቴሌኮም አገልግሎት የሚውል ወይም እንዲውል የታሰበ ማናቸውም መሣሪያ ነው፤ ተጓዳኝ ዕቃውና ሶፍትዌሩም ይጨመራሉ። ቃሉን እንደ ወረደ ከወሰድነው የኪስ ስልካችንም ከዚህ አያመልጥም። ያለ ፈቃድ ሊያዙ የሚችሉትን ዓይነቶች የመለየቱ ሥራ ለአስፈጻሚው አካል ተትቷል።

ሰፊ ቃል ምን እንደሚያስከትል ከዚሁ አዋጅ አንቀጽ 10 ማየት ይቻላል። አንቀጹ የስልክ ጥሪን በኢንተርኔት አማካይነት ማቅረብን፣ አልፎም ያንን አገልግሎት ማግኘትን በወንጀል ያስቀጣል። አዋጁ በ2004 ሲወጣ «ስካይፕ የደወለ ሁሉ ሊታሰር ነው» የሚል ድንጋጤ ተፈጥሮ፣ ተራውን ተጠቃሚ እንደማይመለከት መንግሥት ማስረዳት ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ውጭ አገር ዘመድ ያለው የባሕር ዳር ሰው ሁሉ በዋትስአፕና በቴሌግራም ይደውላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ባይጠየቅም ደኅንነቱ ያረፈው በአስፈጻሚው መልካም ፈቃድ ላይ እንጂ በሕጉ ቃል ላይ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት የዜጋ ነፃነት እንዲህ ባለ መደብ ላይ ሊተኛ አይገባውም።

ቅጣቱንም ከሌሎች ወንጀሎች ጋር አስተያይተው ይመልከቱት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 1 መሠረት የተለየ የሙያ ግዴታ የሌለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል፤ ዳኛው ከመረጠ በመቀጮ ብቻ ሊያልፈው ይችላል። ማንንም ያልጎዳ የእጅ ሬዲዮ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ግን መነሻው 1 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮውም አማራጭ ሳይሆን ተጨማሪ ነው። (እንደ እርስዎ ያለ የጀልባ ባለሙያ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ቅጣቱ ከዚህ እንደሚከብድ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ከልክ በላይ ሰው የሚጭኑ ባልደረቦችዎ ይስሙልኝ።)

የተሻለ አጻጻፍ እንደሚቻል ከሌላ አገር ማስረጃ መፈለግ አያሻም፤ ይኸው ምክር ቤት ከአራት ዓመት በኋላ ያወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመሰክራል። አንቀጽ 7 ለኮምፒዩተር ወንጀል የሚውሉ መሣሪያዎችንና ፕሮግራሞችን ይመለከታል። ማስገባትና መሸጥን የሚከለክለው መሣሪያው ወንጀሉን ለመፈጸም ብቻ ተብሎ የተሠራ ወይም ለዚያ የተስተካከለ እንደሆነ፣ ሻጩም ለሕገ ወጥ ድርጊት እንደሚውል እያወቀ ያደረገው እንደሆነ ነው፤ መያዝን የሚቀጣውም ወንጀል ለማስፈጸም ታስቦ ከሆነ ነው። እነዚህ መመዘኛዎች በአዋጅ 761 አንቀጽ 3 ላይ ቢኖሩ ኖሮ ሲም ቦክሱ ከነባለቤቱ ይያዝ ነበር፣ እርስዎ ግን ይህን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገዎት ነበር። የወንጀል ሕጋችን አጠቃላይ መንፈስም ወደዚሁ ያደላል፤ በአንቀጽ 26 መሠረት ለወንጀል መሣሪያ ማዘጋጀትና የመሳሰለው የመሰናዳት ተግባር እንኳ በመደበኛው አያስቀጣም። ወንጀል ሊፈጽም መሣሪያ ያሰናዳ ሰው በመደበኛው ካልተቀጣ፣ መንገደኛ ሊያድን ሬዲዮ የገዛውን መቅጣት ለማስረዳት ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ሕጉ ምን መሆን እንደሚገባው የሚናገር ነው፤ እርስዎን የሚዳኘው ግን ያለው ሕግ ነው። ክስ ቢመጣ በእጅዎ ያለው መከላከያ ምን ያህል ያስኬዳል? የወንጀል ሕጉ አጠቃላይ መርሖዎች በአንቀጽ 3 መሠረት ለሌሎች የወንጀል አዋጆችም ያገለግላሉ። አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው በአንቀጽ 23 የተመለከቱት ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች፣ ማለትም የሕጉ ክልከላ፣ ድርጊቱና የአድራጊው የሐሳብ ሁኔታ ሲሟሉ ነው፤ ቸልተኝነትም የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲናገር ብቻ እንደሆነ አንቀጽ 59 ይደነግጋል። የአዋጅ 761 አንቀጽ 3 ስለ ቸልተኝነት ስለማይናገር ዐቃቤ ሕግ ዕቃውን አውቀው መያዝዎን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ነገር ግን «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 መሠረት መከላከያ አይሆንም፤ በቅን ልቦና መሳሳትዎ ከታመነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልልዎት ይችል ይሆናል እንጂ። ወዳጅዎ ካስጠነቀቀዎት ቀን ጀምሮ ግን ይህም እየሳሳ መሄዱን ይወቁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባ ሲናጥ በሬዲዮው ተጠርቶ ነፍስ ቢድን፣ ለዚያች ሰዓት አጠቃቀም በአንቀጽ 75 የተመለከተው የአስፈላጊነት መከላከያ ሊነሣ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጡን ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ ሬዲዮዎቹንም ማጠናከሪያውንም አያብሩ፤ ባትሪዎቹን አውጥተው ከነካርቶናቸው ያስቀምጡ። ቀጥሎ፣ ለባለሥልጣኑ ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ የሚያስገቡት ማመልከቻ ራሱ ዕቃውን መያዝዎን የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለሚሆን ቃላቱና ጊዜው በጥንቃቄ ሊታሰቡ ይገባል። ዕቃዎቹን በራስ ፈቃድ ለሚመለከተው አካል ማስረከብ ወንጀሉን አያስቀርም፤ ራስን አቅርቦ ጥፋትን ማመን ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከተዘረዘሩት የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለወደፊቱ ሥራዎ ደግሞ ፈቃዱን ለብቻዎ ከመጠየቅ ይልቅ የጀልባ ባለቤቶች በማኅበር ሆናችሁ አንድ የሥራ ሞገድ እንዲፈቀድላችሁ ብታመለክቱ፣ ጥያቄው የአንድ ሰው ፍላጎት መሆኑ ቀርቶ የመንገደኞች ደኅንነት ጥያቄ ይሆናል። ለቤተሰብ ሽርሽር ከተሠራ ሬዲዮ ይልቅም ለውኃ ላይ ጉዞ የተሠራ፣ ውኃ የማያበላሸው ሬዲዮ መጠየቁ ይበጃል።

በመጨረሻ ያነሡት የእኅትዎ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ በሕጉ ቃል ካየነው «ወደ አገር ውስጥ ያስገቡት» እሳቸው ናቸውና። ማስገባት በአንቀጹ የተጠቀሰው ከማምረት፣ ከመገጣጠምና ለሽያጭ ከማቅረብ ጋር ስለሆነ የታሰበው የንግድ ሥራ እንጂ ለወንድም የተያዘ ስጦታ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ብሆን የምከራከረው እንዲያ ነው። ክርክሩ ግን ችሎት ላይ የሚፈተን ስለሆነ ማንም ተማምኖበት ሊተኛ አይገባም። ወሳኙ ነገር አየር ማረፊያ ሲደርሱ የሆነው ነው፤ ዕቃዎቹን ለጉምሩክ አስመዝግበው አልፈው ከሆነ በወቅቱ የተሰጣቸው ወረቀት ቅን ልቦናቸውን የሚያሳይ ዋና ማስረጃ ነው። ሳያስመዘግቡ ገብተው ከሆነ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የኮንትሮባንድ ድንጋጌዎችም ሊነሡ ይችላሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ ዕቃዎቹን በሻንጣቸው መልሰው ይዘው ለመውጣት እንዳይሞክሩ፣ ወደ ውጭ ከመመለሳቸውም በፊት የጉዞና የጉምሩክ ወረቀቶቻቸውን ይዘው ከእርስዎ ጋር ጠበቃ ዘንድ እንዲቀርቡ ያድርጉ።