ረዳት ለሆናችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ «ፋዘር፣ ግን ኤርፖርቱ የታለ?» አለኝ። ሰፈሩ ነው። አንድም ቀን ግን አውሮፕላን ሲያርፍበት አላየም።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። ልደታ ስለነበረው ማረፊያ፣ ዲሲ 3 ስለምትባል አውሮፕላን፣ ቦሌ ለምን እንደተሠራ። ገና ሳልጋመስ «ወራጅ!» ብሎ ወረደ። በትሕትና ነው የወረደው፤ አልቀየምኩትም። ያልተጨረሰ ወሬ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ይኸው ለእናንተ ልጨርሰው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአውሮፕላን ጥገና ነው። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ወጣቶች ሙያዬን ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ አያጡም። አንዱ «ደመወዙ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ሌላው «ረዳትነቱ ስንት ዓመት ይፈጃል?» የመጀመሪያውን ጡረተኛ ባይጠየቅ ይሻላል። ለሁለተኛው ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ መልስ አለው።

ድርጅቱ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና 5 ዓመት አልሞላም። ከወረራው በፊት እነ አስፋው አሊ አብራሪ ሆነው ነበር። አየር መንገድ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። በሰዓቱ የሚያስነሳ፣ ቲኬት የሚሸጥ፣ ጭነት የሚመዝን፣ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሰው ሀገር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ መንግሥት ቲ ደብሊዩ ኤ ከሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የሚያስተዳድረው ቲ ደብሊዩ ኤ። ካፒቴኑም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ዋና ዋናው ባለሙያም አሜሪካዊ ነበር።

አውሮፕላኖቹ አምስት ሲ 47 ናቸው። የዲሲ 3 ወታደራዊ ወንድም ማለት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ አስመራን ረግጦ ካይሮ ገባ።

ስለዚህች አውሮፕላን ትንሽ ላውራ፤ እወዳታለሁ። ሦስተኛዋ ጎማ ያለችው ከጭራዋ ሥር ነው። መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ነው። በኋላ በር የገባ ተሳፋሪ ቦታው ጋ እስኪደርስ ዳገት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንበር ሲባል ደግሞ የዛሬው ወንበር እንዳይመስላችሁ። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዞ የሚዘረጋ፣ የሚታጠፍ የሸራ መቀመጫ ነው። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። መሐሉ የጭነት ነው፤ ቡና ወይም ቆዳ ከጉልበትህ ሥር ተቀምጦ አብሮህ ይሄዳል። ውስጡ አየር አይታመቅም። ተራራ ሲታለፍ ብርዱም ትንፋሽ ማጠሩም የተሳፋሪው ዕጣ ነው። ዛሬ ፊቱ ያለው ስክሪን አልሠራም ብሎ የሚያኮርፍ ሰው ሳይ ያቺ የሸራ ወንበር ትዝ ትለኛለች። ትዝ ትለኛለች ስል አልደረስኩባትም፤ ያወሩልኝ ትልልቆቹ ናቸው።

አሁን ወደፊት፣ አብራሪዎቹ ክፍል እንግባ። ሁለት ወንበር አለ። በግራ ካፒቴኑ፣ በቀኝ ረዳት አብራሪው። ቋንቋችን አያዳላም። የሚኒባሱም ረዳት ነው፣ የአውሮፕላኑም ረዳት ነው።

ኢትዮጵያዊው ወደ ግራው ወንበር የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ 3ን በአዛዥነት ያበረረበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው በረራ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ከዚያ አስሉት፤ 11 ዓመት። የዋና ሥራ አስኪያጁ ወንበር ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። 25 ዓመት!

«እንግዲያው 25 ዓመት ዝም ብለን እንቀመጥ?» የሚል ይኖራል። ኧረ በጭራሽ! ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከቲ ደብሊዩ ኤ ጋር የታደሰውን ውል ነገር ልብ በሉ። በመጨረሻ ድርጅቱን የሚያንቀሳቅሱት ኢትዮጵያውያን ብቻ እንዲሆኑ ግብ ተደርጎ ገባበት። አስተማሪው ሲፈርም መሄጃውንም እየፈረመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ውሉ ሲታደስ ደግሞ ቲ ደብሊዩ ኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ። በዓመቱ ወንበሩ ተለቀቀ።

ለእኔ የዚህ አየር መንገድ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ጄቶቹ አይደሉም። ጄት ብድር ያገኘ ሁሉ ይገዛል።

ስለዚህ ሥራ ስትቀጠሩ ከደመወዙ ቀጥላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። «ይህን ሥራ ብቻዬን እንድሠራ የሚፈቀድልኝ ምን ምን ስችል ነው?» በሉ። መልስ ያለው አለቃ ካገኛችሁ 11 ዓመትም ቢሆን አይቆጭም። «እናያለን» የሚላችሁ ከሆነ ግን ጠርጥሩ። እናያለን ብሎ ያየ ሰው ብዙም አልገጠመኝም።

ሁሉም መዘግየት ደግሞ ትዕግሥት አይባልም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዓለማየሁ 53 ዓመት በኋላ። ይሄን ማንም በትምህርት ጊዜ ርዝመት ሊያስረዳኝ አይችልም። ሴት ልጅ ካፒቴን መሆን ትችላለች ብሎ ማሰቡ ራሱ ነው የዘገየው፤ እኛ የሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ ሰዎችም ከዚህ አስተሳሰብ ነፃ አልነበርንም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የት እንደነበርኩ ይቅር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ።

ሃንጋር ውስጥ የመሣሪያ ሰሌዳ አለ። የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በቀለም ተስሎበታል። ፒንሳውን ስታነሱ የፒንሳ ጥላ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሥራ ሲያልቅ አንድ ባዶ ጥላ እንኳ ካለ አውሮፕላኑ አይወጣም። ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ክዳኑን ገጥሜ፣ ቡሎኖቹን አስሬ ጨረስኩ። ጨርቁን አጣጥፌ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የአጭሯ ካቻቢቴ ጥላ ባዶ ነው።

የወሰድኳት እኔ ነኝ። የቱታዬን ኪሶች ገለበጥኩ። የለችም። ወለሉን በባትሪ አሰስኩ፤ የለችም።

እውነቱን ልንገራችሁ። የጓደኛዬ የግል ሣጥን ክፍት ነበር። ውስጡ ቁርጥ እሷን የምትመስል ካቻቢቴ አለች። አንስቼ ብሰቅላት ማን ያውቃል? እጄን ሰደድኩ። መያዣዋን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ለምን እንደተውኳት እስከዛሬ በደንብ አላውቅም፤ ጨዋ ስለሆንኩ ነው ብል ውሸት ነው። የፈራሁ ይመስለኛል።

ሄጄ ለዋናው ባለሙያ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ሻዩን አስቀመጠና «በል ክፈተው» አለኝ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ መልሰን ፈታን። ካቻቢቴዋ ከመሪው ሽቦ አጠገብ ጋደም ብላ ተገኘች። አየር ላይ ስትንቀሳቀስ የት እንደምትሰነቀር መገመት አያቅትም። እሷን አውጥተን፣ ሽቦውን ፈትሸን፣ እንደገና እስክናስር ነጋ። በረራው ዘገየ። ተሳፋሪው ተቆጣ።

ያ ሰውዬ የመዘግየቱን ምክንያት ጻፈና ሥሩ ፈረመ። በእኔ ስም አይደለም፤ በራሱ። «የኔ ነው ጥፋቱ» ስለው «ረዳት አይደለህ? ዋስህ እኔ ነኝ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እስከዚያ ሌሊት ረዳትነት ውርደት ይመስለኝ ነበር። ሻይ አምጣ፣ ክዳን ያዝ፣ ባትሪ አብራ። ለካ ረዳት የሆንኩባቸው ዓመታት ሌላ ሰው ስሙን ለእኔ ያስያዘባቸው ዓመታት ናቸው። ዋስ ያለው ሰው መጠየቅ ይችላል፣ መሳሳትም ይችላል። ዋሱ ሲወርድ ይህ ሁሉ ያከትማል። ብዙ ጎበዝ ልጆች ግን ዋሳቸው ከመድከሙ በፊት እነሱው ያባርሩታል። ስድስት ወር ሠርተው «የማላውቀው የለም» ይላሉ፤ ሰውም ያምናቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያዋ ካቻቢቴ ስትጠፋ ብቻቸውን ናቸው።

ወደ አየር መንገዱ ልመለስ። ወንበር መረከብ ብቻውን አላሳደገውም፤ ሀገሪቱ ራሷ ከባድ ፈተና ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉ የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ላለ መንገድ መንደርደር አለበት፤ ወይ ጭነት መቀነስ አለበት። ልደታ ለጄት አልበቃ ያለውና ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 መጣ፣ የጄት ዘመን ተጀመረ። ልደታ አርጅቶ ስሙ ብቻ በታክሲ ረዳት አፍ ላይ ቀረ።

ይህ የከፍታ ጉዳይ ዛሬም አለቀቀንም። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል። ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚህ መነሳት ከባድ ነው። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ዝቅተኛ መሬት ተነስቶ በቀጥታ ይመጣል። በ1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ያለ ማረፍ አዲስ አበባ ሲገባ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሸፍኖ ነበር። ባለ ሁለት ሞተር ጄት በዚያን ጊዜ እንዲህ ርቆ በርሮ አያውቅም፤ ክብረ ወሰን ነበር።

መስመሮቹን ሁሉ አልዘረዝርም። ፍራንክፈርት በ1950 ዓ.ም. በዲሲ 6ቢ፤ ሻንጋይ እ.ኤ.አ. በ1973። እኔ የማደንቀው ግን በ1953 ዓ.ም. እስከ ሞንሮቪያ የተዘረጋውን ነው። ያኔ ከምሥራቅ አፍሪካ ምዕራብ አፍሪካ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አውሮፓ ደርሶ መመለስ ነበር። ጎረቤት ቤት ለመግባት ባሕር እንደመሻገር ማለት ነው። ሁሉም ወደ ሰሜን ሲመለከት አንድ ሰው ካርታውን አግድም አየው። ይሄ ድፍረት ነው።

ቲ ደብሊዩ ኤ ራሱስ? እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካን ኤርላይንስ ተጠቅልሎ ስሙ ጠፋ። አስተማሪው ሄደ፣ ተማሪው ይበራል። ተማሪው ዛሬ ደግሞ በግራው ወንበር ነው። ቶጎ፣ ሎሜ ያለው አስካይ የሚባል አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 መብረር ሲጀምር አጋሩና አጋዡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱም ከሌላ የአፍሪካ ሀገር የሚመጡ ልጆችን ያስተምራል። እዚያ የሚያስተምሩ ወዳጆች አሉኝ። ስንገናኝ አንድ ጥያቄ አላጣም፤ «መውጫችሁን ውሉ ውስጥ ጻፋችሁት?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የመጨረሻ ረዳቴ አንዲት ልጅ ነበረች። ረዳት ልበላት እንጂ ፈቃዷን ከያዘች ወር ሆኗታል። ሥራ ጨርሰን ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ አንድ ባትሪ ይጎድላል» አለች። «ፈልጊዋ» አልኳት። አውሮፕላኑ ሥር ገብታ ወጣች። ከዚያ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ኪስዎን ይፈትሹልኝ።»

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ የእኔ ኪስ? እጄን አስገባሁ። ባትሪዋ ከመሐረቤ ጋር ተያይዛ ወጣች። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ሄዳ ጥላው ላይ ሰቀለቻት። የጥገና መዝገቡን፣ ሎግቡኩን ከፈተች። «እኔ ልፈርም ወይስ...?» አለችኝ። ብዕሬን ሰጠኋት።