ጦሳ ላይ በእሾህ የታጠረው መንገድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እንወጣለን። በቀደም ጦሳን ልንወጣ ደሴ ብንመጣ የለመድነው የእግር መንገድ በእሾህ ታጥሯል። አንድ አባት «መሬቱ ተሰንጥቋል፣ ተመለሱ» አሉን። ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ መንገዱም ደህና ይመስላል። ጓደኞቼ «ዘለን እንለፍ» እያሉ ነው። በመስከረም ደግሞ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ልጄ፣ አጥሩን አትዝለሉ። ዝናቡ ማባራቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። የጦሳን ጎን የሸፈነው ከላይ እየተንከባለለ የተጠራቀመ አፈርና ድንጋይ ነው። ዓለቱ ያለው ከሥር ነው። ውሃው ቀስ እያለ ይሰርግና አፈሩን ያከብደዋል፣ ዓለቱ ላይ ያለውንም ጭቃ ያሟልጨዋል። ላዩ ደርቆ ሣሩ ሲያምር ሆዱ ገና ውሃ እንደቋጠረ ነው። ናዳ ፀሐይ በወጣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀንም ይመጣል።

እናንተ ስንጥቁን ያላያችሁት ሣር ሸፍኖት ይሆናል። ጣት የማያስገባ ስንጥቅም ስንጥቅ ነው፤ በተለይ ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥና ጫፍና ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ። የአካባቢው ሰው ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ካስማ ተክሎ መሀሉን በገመድ ቢለካ፣ በማግስቱ መስፋት አለመስፋቱን ያውቃል። ሌላም ምልክት አለ። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ ባህር ዛፍ ዛሬ ካዘመመ፣ ጥሩ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ እዚያ ቆማችሁ ፎቶ አትነሡ። ወደ ጎን ውጡ። ወደ ታች መሮጥ ናዳውን ማስከተል ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነው ከልቤ ስላልወጣ ነው። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተረባረበውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ጓደኛ እንኳ ቢያዝ፣ አንድ ሰው ዳገቱን የሚጠብቅ ሳይቆም ሌላው ለቁፋሮ አይግባ።

አንድ ነገር ግን ከእናንተ ጋር ነኝ። መንገድ የሚዘጋ ሰው የተዘጋበትን ምክንያትና የሚታለፍበትን አቅጣጫ በአንድ ጣውላ ላይ ጽፎ ቢያቆም ምን ነበረበት? እሾህ ብቻውን ለእንግዳ ሰው አይናገርም። እስከዚያ እረኛ ጠይቁ። እረኛ በጎቹን የማያሳልፍበትን መንገድ እናንተም ተዉት።

አብሽሩ፣ እሑዳችሁ አይባክንም። የጎፍ ደን ደጃችሁ ነው። በማለዳ ወጥታችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ውረዱ፤ በክረምት መብረቁም በረዶውም የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የቦርከና ወንዝ ከሞላ ደግሞ ጉልበት ድረስ ነው ብላችሁ አትግቡበት፤ ደሴ ላይ የጣለው እናንተ ጋ ሲደርስ ሰማዩ ጠርቶ ሊሆን ይችላል።

ቦረና ሳይንትን ወደ ጥቅምት መጨረሻ ግፉት። በመስከረም ፓርኩ ውስጥ ያለው የደንቆሮ ጫካ ቁልቁለት ገና ጭቃ ነው፣ ጭጋጉም መንገድ ያስታል። በጥቅምት ጭላዳውንም የምታዩት በጠራ ሰማይ ነው፤ ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮም አለ። ሌሊቱ ግን ለኮምቦልቻ ልጅ አይቻልም፤ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመኪናው መንገድ ሰላም መሆኑንና የትኛው የእግር መንገድ ክፍት እንደሆነ ደውላችሁ አጣሩ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ሳትይዙም አትግቡ።