ሜሪላንድ ከሆንሽ የፓርቲውን ጥያቄ ባዶ አትተዪው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለመምረጥ አበቃሽ። “ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የመራጭነት ፎርሙ ፓርቲ ምረጪ ይላል፣ እኔ የማንም ፓርቲ አባል መሆን አልፈልግም፣ ባዶ ብተወው ምን ችግር አለው?” ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት “ምንም ችግር የለውም፣ እኔ ያለ ፓርቲ ፕራይመሪ (ፓርቲዎቹ ለኖቬምበሩ ምርጫ ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበትን ምርጫ) መርጫለሁ” ያሉሽ ወንድሞች አልዋሹሽም፤ ግን የቨርጂኒያ ሰዎች ናቸው። ቨርጂኒያ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም፤ በፕራይመሪው ቀን ሄዶ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ይወስዳል። ወንዙን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ስትገቢ ሕጉ ሌላ ነው። እዚህ የዲሞክራቶችን ዕጩ የሚመርጡት በዲሞክራትነት የተመዘገቡ ብቻ ናቸው፤ የሪፐብሊካኑም እንደዚያው።

1. ፎርሙ ላይ ፓርቲ መምረጥ አገር ቤት የምናውቀው አባልነት አይደለም። መዋጮ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ መታወቂያ የለውም። ኢሠፓን ያየ፣ ኋላም በአንድ ለአምስት የተጠረነፈ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያይ ልቡ ቢሸሽ አልፈርድበትም። ግን ኖቬምበር ላይ የፈለግሽውን ከመምረጥ የሚያግድሽ የለም። ዲሞክራት ሆኖ የተመዘገበው ሰው ከሪፐብሊካኑ እጥፍ ገደማ በሆነበት በዚህ ስቴት፣ ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆጋን በ2014ም በ2018ም ገዥ ሆኖ የተመረጠው ብዙ ዲሞክራት ድምፁን ስለሰጠው ነው። ፓርቲሽ መዝገብ ላይ ይታያል፣ የምርጫ ሰሞን ስልክና ፖስታ ይበዛብሻል። ማንን እንደመረጥሽ ግን ማንም አያውቅም።

2. ቀኑ። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ፕራይመሪው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው። ጨርሶ ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ቀንም ሄዶ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። ቀድሞ የተመዘገበ ግን ያን ቀን ፓርቲ ልቀይር ቢል አይሆንለትም። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ዜግነቴን እንደያዝኩ ለሌላ ጉዳይ አንድ ቢሮ ሄጄ፣ የምታስተናግደኝ ሴትዮ እግረ መንገዴን ለምርጫ ልመዝግብህ አለችኝ። ፓርቲ የሚለው ጋ ስንደርስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ባልመርጥ ምን እንደሚቀርብኝ ጠየቅኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። “ሰው ተሰልፏል፣ ከፈለግክ ሌላ ጊዜ ትቀይረዋለህ” ብላ ፓርቲ የለውም የሚለውን ሞላችና አስፈረመችኝ። የሚቀየርበት የመጨረሻ ቀን እንዳለው አልነገረችኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው።

ጁላይ 19፣ 2022 ሥራ አስፈቅጄ፣ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ባለሥልጣን ልመርጥ ሄድኩ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩ ሰዎች ስም ብቻ ነው ያለው። ገዥው የለም፣ የካውንቲው ኤግዚኪዩቲቭ (ዋና አስተዳዳሪው) የለም፣ ካውንስሉ (ምክር ቤቱ) የለም። እዚያ ያለው ልጅ በትሕትና አስረዳኝ፤ በእሱ ቅር አልተሰኘሁም። ማግስቱን የመዘገበኝ ቢሮ ደውዬ ሳስረዳ ግን “ፈርመሃል አይደል” ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝም ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችበት ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭነት በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው፣ ቆጠራው ከተደገመ በኋላ፣ በ32 ድምፅ ነው። በ2018ም እነዚሁ ሁለቱ ገጥመው ልዩነቱ 77 ነበር። ሠላሳ ሁለት ሰው ማለት የእኛ ዕድር ሲሰበሰብ ከሚመጣው ያንሳል! ለማን እሰጥ እንደነበር እዚህ አላነሳም፤ ለማንም ቢሆን ድምፄ ይቆጠር ነበር።

“ኖቬምበር ላይ እመርጣለሁ” እንዳትዪኝ። በዚህ ካውንቲ ከ1978 ወዲህ ያን ወንበር የያዘ ሪፐብሊካን የለም። ፕራይመሪውን ያሸነፈ ዲሞክራት ኖቬምበር ላይም ያሸንፋል፤ የሚወሰነው ቀድሞ ነው። በ2023 የብዙ አፓርታማዎች ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያደረገው ሕግ የወጣው እዚሁ ካውንቲ ካውንስል ውስጥ ነው። ኪራይ የምትከፍዪ ከሆነ ዋሽንግተን ካለው ሰው ይልቅ እነዚህ ሰዎች ኪስሽ ውስጥ ይገባሉ። በ2024 ደግሞ ሕዝቡ ኤግዚኪዩቲቩ ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳያገለግል ስለወሰነ፣ ሁለቴ ያሸነፈው ኤልሪች በ2026 ለዚያ ወንበር መወዳደር አይችልም።

ስለዚህ የትኛው ፓርቲ ወደ ልብሽ እንደሚቀርብ ብቻ ሳይሆን፣ ሰፈርሽ ላይ በየትኛው ፕራይመሪ እንደሚወሰን አይተሽ ተመዝገቢ። ከዚያ የስቴቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስምሽን፣ የትውልድ ቀንሽንና ዚፕ ኮድሽን አስገብተሽ ምን ብለው እንደመዘገቡሽ በዓይንሽ እዪ። የሰው ቃል አትመኚ።

3. “እናቴ ግሪን ካርድ ናት” ብለሻል። እሷን በምንም መንገድ እንዳታስመዘግቢ። መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ለምርጫ ትመዘገቢያለሽ ወይ ሊሏት ይችላሉ፤ አብረሻት ሁኚና አይሆንም በዪ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ ወንጀል ነው፣ ከአገር ያስባርራል፤ የዜግነት ማመልከቻውም ተመዝግበሽ ወይም መርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የከተማውን ምርጫ እንዲመርጥ ፈቅዳለች፤ ይህ ግን ለዚያች ከተማ ነዋሪና ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ከሌላው ጋር እንዳታምታቺው።

ዜግነቷን ስታገኝ ደግሞ እንግሊዝኛ አላነብም ብላ እንዳትቀር። ማንበብ የማይችል ሰው የሚረዳውን ራሱ መርጦ ይዞ መግባት እንደሚችል የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ብቻ አይሆኑም። እኔ አማቴን ይዤ ስገባ አንዱ ሊያስቆመኝ ሞከረ። ኃላፊዋ ትጠራልኝ አልኩ፤ መጥታ አስገባችን። እያንዳንዱን ስም በአማርኛ አነበብኩላቸው፣ እሳቸው በጣታቸው እያመለከቱ መረጡ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ምርጫ አላለፋቸውም፣ ጎረቤቶቻቸውንም እኔው በመኪናዬ ነው የማደርሳቸው።

ፎርሙን ስትሞዪ የሚያደናግርሽ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ አያለሁ።