የትእዛዝ ሁኔታዎች ቁጥር ሲዛባ

አንድ አንባቢ ከአራት ኪሎ በላኩልኝ ጥያቄ፣ ጎ (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት የዕቃ ማድረሻ ፕሮግራም የትእዛዞችን ሁኔታ «ታዟል»፣ «ተከፍሏል»፣ «ተልኳል» እና «ደርሷል» በሚሉ ቋሚዎች (የማይለወጥ ቁጥር የተሰጣቸው ስሞች) እንደሚይዝ ገልጸዋል። «ተሰርዟል» የሚለውን ከ«ተከፍሏል» ቀጥሎ ካስገቡ ወዲህ ግን ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የተላኩ ዕቃዎች የተሰረዙ፣ ደንበኛ እጅ የገቡት ደግሞ ገና በመንገድ ላይ ያሉ ሆነው ይታያሉ። ኢነም (enum)፣ ማለትም የተወሰኑ ስሞችን እንደ አንድ ዓይነት የሚይዝ ዝርዝር፣ ያለው ቋንቋ መርጠው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ይድኑ እንደነበር ጠይቀዋል።

አይድኑም ነበር። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ኢነም አለው፤ ሆኖም ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው የኢነሙ ተራ ቁጥር ከሆነ፣ መሐል ላይ አዲስ ስም ሲገባ ያው ስሕተት ይከሰታል። የእርስዎ ቋሚዎች ቁጥራቸውን የሚያገኙት ጎ ለቋሚዎች ተከታታይ ቁጥር ከሚሰጥበት «አዮታ» (iota) ከተባለው ቃል ነው፤ አዮታ ደግሞ ከ0 ተነሥቶ በየመስመሩ አንድ ስለሚጨምር፣ «ተሰርዟል» 2ን ሲወስድ «ተልኳል» ወደ 3፣ «ደርሷል» ወደ 4 ተገፍተዋል። ዳታቤዙ የያዘው ቁጥሩን እንጂ ስሙን ስላልሆነ የቀድሞዎቹ መዝገቦች ትርጉማቸው ተለወጠ።

በቅድሚያ ፕሮግራሙን አቁመው የዳታቤዙን ባክአፕ ይያዙ። ከዚያም አዮታን ትተው ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥሩን በእጅ ይጻፉ፦ ለነባሮቹ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ከ0 እስከ 3፣ ለ«ተሰርዟል» 4። በዚህ መንገድ የድሮዎቹ መዝገቦች ሳይነኩ ይስተካከላሉ። የሚለወጡት አዲሱ ኮድ ሥራ ከጀመረ በኋላ የተጻፉት ብቻ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ 2 ወደ 4፣ 3 ወደ 2፣ 4 ወደ 3 ይቀየራል። ሦስቱን ለውጦች በአንድ የዳታቤዝ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይፈጽሙ፤ ተራ በተራ ካደረጓቸው ከ2 ወደ 4 የተለወጠው መዝገብ በመጨረሻው ለውጥ እንደገና 3 ይሆናል። ሁኔታው የተቀየረበትን ሰዓት ካልመዘገቡ ግን እያንዳንዱን አጠራጣሪ ትእዛዝ ከአድራሾቹ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ግድ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም የሰው ገንዘብ ያለበትን መዝገብ በግምት እንዲነኩ አልመክርም።

ለቋሚዎቹ የራሳቸውን የዳታ ዓይነት (type) ማወጅም ይገባል። ያን ጊዜ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ተራ የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ተለዋዋጭ በሁኔታ ቦታ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ነገር ግን በቀጥታ የተጻፈን 7 ቁጥር ዝም ብሎ ስለሚቀበል፣ ከዳታቤዝም ሆነ ከስልክ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቁጥር ከቋሚዎቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጠው፣ ካልሆነ ስሕተት ይመልሱ። በሚቀጥለው ፕሮግራምዎ ደግሞ ከ1 ይጀምሩ፤ በጎ (Go) ቋንቋ ዋጋ ያልተሰጠው የቁጥር መስክ 0 ስለሚሆን፣ አሁን ባለው አሠራር መሞላቱ የተረሳ ሁኔታ ሁሉ «ታዟል» ተብሎ ይነበባል።