ለአጭር ፊልም ማጀቢያ፦ ሲንተሳይዘር ወይስ የኮምፒውተር ኦርኬስትራ?

ሰላም ወንድሜ። የ20 ደቂቃ የቤተሰብ ድራማ ይዘሃል፣ ለኦርኬስትራ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ጥያቄህ ማጀቢያውን ኦርኬስትራ በኮምፒውተር አስመስዬ ልሥራው ወይስ በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚፈጥር ኪቦርድ፣ ልሥራው ነው።

ማስመሰሉን ተወው ባይ ነኝ። ሲንተሳይዘር ራሱን ሆኖ ሲሰማ ተመልካች ይቀበለዋል፤ ቫዮሊን ሳይሆን ቫዮሊን ነኝ የሚል ድምፅ ግን በተለይ ጸጥ ባለ ትዕይንት ላይ ወዲያው ይጋለጣል። የሙዚቃ ደራሲው ቫንጄሊስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው «ብሌድ ረነር» ፊልም የተጠቀመበት ሲንተሳይዘር ያማሃ ሲኤስ-80 የእያንዳንዱን ጣት ጫና ለየብቻ ይቀበል ነበር፤ ለዚህ ነው ድምፁ የሚተነፍሰው። ርካሽ ኪቦርድ ይህ የለውም። አንተ ኪቦርዱ ላይ ባለው ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ (ሞጁሌሽን ዊል) የድምፁን ብሩህነት እየከፈትክና እየዘጋህ በእጅህ ቅዳው፤ በማውስ የተሣለ መስመር ያስታውቃል።

የግድ የቫዮሊን ሳምፕል (ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዳ ድምፅ) ካስገባህ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከአጨዋወት ነው። አራት ጣት ያለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) በአንድ የ«ስትሪንግስ» (የባለክር መሣሪያዎች ቡድን) ድምፅ ላይ ከመታህ፣ እያንዳንዱ ጣት ሙሉ ቡድን ስለሚያስነሳ አራት ቡድን ተደራርቦ ኦርጋን ይመስላል። ድምፆቹን በየትራኩ (በየራሳቸው የቀረጻ መስመር) ለያይና እንደ ዜማ ለየብቻ ተጫወታቸው። ተያያዥ (ሌጋቶ) የሚባሉት፣ ኖታን ከኖታ ሳያቋርጡ የሚያያይዙት ሳምፕሎች ደግሞ ዘግይተው ነው የሚነሡት፤ ትራኩን ከ50 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲነሣ አድርገው፣ ልኩን በጆሮህ ፈልግ። ለአጫጭር ኖታዎች ልኩ ሌላ ስለሆነ በሌላ ትራክ ላይ ይሁኑ።

እኔ የምመርጠው ግን ከታች ሲንተሳይዘር፣ ከላይ አንድ የምር የተጫወተ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ከሆነ አስቀድማችሁ ድምፅ ተስተካከሉ፤ የተጫዋቹ ክር ለዘፋኝ እንጂ ለ440 ኸርዝ፣ ማለትም ኪቦርዶች ለሚቃኙበት የተለመደ መለኪያ፣ የተቃኘ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማሲንቆውን ከማስገደድ ሲንተሳይዘሩን ወደ እሱ ማምጣት ይቀላል። ጣቱ በክሩ ላይ ስለሚንሸራተት ሲንተሳይዘሩ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ ከያዘ ይጋጫሉ፤ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ያዝ። ማይኩን ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው፣ ሲቀርብ ከዜማው ይልቅ የደጋኑ መፋተግ ይገናል። ሁለቱንም ወደ አንድ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚጨምር ማቀነባበሪያ) ላክ፤ አለበለዚያ አንዱ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ያለ ይመስላል።

ንግግር ባለበት የሲንተሳይዘሩን ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በ3 ዲሲቤል ያህል ቀንስ፣ ማሲንቆው ግን ተዋናዩ ዝም እስኪል ይጠብቅ። ሁለት ድምፅ እኩል ሲያወራ እንዲህ ያለው የድምፅ ማመጣጠኛ (ኢኪው) አያድንም። ከ50 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ በስልክ ስለማይሰማ፣ አስፈሪውን ነገር በሙሉ እዚያ ብቻ አትጣል፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገህ ደርብበት።

ስታስረክብ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሲንተሳይዘሩና ማሲንቆው በየፋይላቸው ይሁኑ። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻውን ሚክስ (የድምፆች ውህደት) የሚሠራው ሰው አንዱን ለማሳነስ ሁሉንም አይቆርጥም።