ኮምፒዩተሩን ሽጪው፣ ሃርድ ዲስኩን ግን አስቀሪ

ጥያቄው የመጣው ከመሐል ሜዳ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እህት ሦስት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕና ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ልትሸጥ ነው። ውስጣቸው የደንበኞች መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የቤት ሽያጭ ውልና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ሞልቷል። "ፎርማት ባደርጋቸው ይበቃል? ወይስ ሁሉንም በመዶሻ ልበላቸው?" ትላለች።

እህቴ፣ መዶሻውን ለጊዜው አስቀምጪው። የደንበኞችሽ ፋይል ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚይዝበት፣ ኃይል ሲቋረጥበት ባዶ ይሆናል፤ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይም የማንንም ውል አይዝም። ስለዚህ ዲስኮቹን ፈትተሽ አውጪና የቀረውን ሽጪ። ገዢው "ያለ ሃርድ ዲስክማ ዋጋው ይወርዳል" ማለቱ አይቀርም። ይውረድ! ለአሮጌ ዲስክ የሚጨምርልሽ ብር የሰው መታወቂያ ገበያ ላይ ከመዋሉ ጋር አይወዳደርም። ደግሞም በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1321 ነው፤ የደንበኛ ሰነድ እንደ ልብ የሚጣል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፎርማቱ። ዴሊት ብታደርጊ፣ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ብታደርጊ፣ ኩዊክ ፎርማት ብታደርጊ፣ ዊንዶውስ የሚያጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ነው፤ ፋይሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ያለው ሱቄ "ተሳስቼ ፎርማት አደረግኩት" እያለ ለሚመጣ ሰው ፎቶውን የምመልስለት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ የቻልኩትን ዲስኩን የገዛውም ይችላል።

ዲስኩንም ለሌላ ሰው የምትሰጪ ከሆነ መፍትሔው ከኮምፒዩተሩ ሳታወጪው ሙሉ በሙሉ በዜሮ መሙላት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ፣ ተከፍቶ እንደሚሠራም አረጋግጪ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሺና ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ስትጫኚ ጥቁር መስኮት ይመጣል። ዲስክፓርት (diskpart) ብለሽ ጽፈሽ ግቢ፣ ሊስት ዲስክ (list disk) በዪ፣ የዲስኩን ቁጥር በመጠኑ ለይተሽ ሴሌክት ዲስክ (select disk) ከቁጥሩ ጋር ብለሽ ምረጪው፣ በመጨረሻ ክሊን ኦል (clean all)። "ኦል" የምትለዋን እንዳትረሺ፤ ክሊን ብቻውን ማውጫውን ነው የሚያነሳው። ቁጥሩን ከተሳሳትሽ ደግሞ የሚጠፋው ሌላ ዲስክ ነውና ሌላውን ሁሉ ቀድመሽ ንቀይ። ባለ 500 ጊጋ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሰባት ጊዜ መደጋገም አለብሽ የሚሉሽን አትስሚ፤ ለዘመኑ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ላፕቶፑን ግን ለይተሽ እዪው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክብ የሌለው በቺፕ የሚሠራ ዲስክ ከሆነ፣ በተለይ እንደ ማስቲካ ረዘም ያለችው ዓይነት፣ በላዩ ላይ መጻፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ ዕቃው ራሱ ቦታ እየቀያየረ ስለሚጽፍ ያልተነካ ጥግ ይቀራል። ባዮሱ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ ሳይገባ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ወይም በአምራቹ ፕሮግራም ላይ ሴኪውር ኢሬዝ የሚል ካለ እሱን ተጠቀሚ። እኔን ብትጠይቂኝ ግን አውጥተሽ በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ግዢለትና ለራስሽ መጠባበቂያ አድርጊው።

ስልኩ ላይ ሲሙንና ሚሞሪውን ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ ቴሌብርሽ ያለው በዚያ ቁጥር ነው። ከዚያ የባንክ መተግበሪያዎችሽንና የጎግል አካውንትሽን አውጪ። ሳታወጪ ሪሴት ካደረግሽው ለገዢው ተቆልፎበት ተመልሶ ሊመጣብሽ ይችላል። ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከሪሴቱ በፊት ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ኢንክሪፕት (ምስጢራዊ) መሆኑን እዪ፣ ካልሆነ አድርጊው፤ አዲሶቹ ከፋብሪካ ተመስጥረው ነው የሚመጡት። ስልክ በመዶሻ አይመታም፣ ባትሪው እሳት ይሆንብሻል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፦ ትልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽን ካለሽ እሱም ሃርድ ዲስክ ሊኖረው ይችላል። ስንቱን መታወቂያ እንዳነሳ አስቢው። ስትሸጪው ይህንንም አስፈትሺ።

መዶሻ የሚያስፈልገው አልነሳ ላለ ዲስክ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የማይነሳ ዲስክ አይጠፋም፣ ባለሙያ ግን ሊያነበው ይችላል። ብረታ ብረት ቤት ውሰጂውና ክቦቹን አልፎ እንዲወጣ ሦስት አራት ቦታ በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ይብሱልሽ። የላፕቶፕ ዲስክ ክቦች ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆኑ ይፈነጣጠራሉ፤ በማዳበሪያ ጆንያ ይጠቅልሉት፣ መነጽርም ያድርጉ። ማቃጠል የለም፣ ጭሱ መርዝ ነው። ለእኔም ቢሆን በሚኒባስ ለሾፌር ሰጥተሽ እንዳትልኪው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጪ በእጅሽ ይዘሽው ነይ።